መጠማት ይሻላል

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ጎርናናውን የተውነው ከባለቦቴው የብረት በር ፊት፣ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ያን ሳምንት ያመለጣችሁ አትጨነቁ፤ ታሪኩ አጭር ነው። ጎርናናው ዘፋኝ ነው፤ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በሰው ሰርግ ከበሮ እየመታ ልጅ ያሳደገ ቤት የወለደው። ድምፁ ሲያወራ የተሰነጠቀ፣ ሲዘፍን ግን አንጀት የሚበላ ነውና ሰፈሩ ይህን ስም አወጣለት። የሚወዳት ልጅ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት። አባቷ ደግሞ ከተማውን በቦቴ ውሃ የሚያጠጡት ባለጸጋ ናቸው። «ዘፋኝና ዝንብ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው» እያሉ ልጁን ከደጅ ሲመልሱት ነው የከረሙት።

ሲስተር መስኮቱ ጋ ቆማ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። ሸሚዙን ማን ተኮሰለት? ራሱ መሆን አለበት፣ አንዱ ክንዱ ላይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል። ያን ስታይ ጭራሽ ሆዷ ባባ።

«እማዬ፣ አባዬ ዛሬም ከመለሰው እኔ እሞታለሁ።»

«ባፍሽ ሞት አትጥሪ» አለች እናቷ ሳህን እየደረደረች። «አይመልሰውም። ራሱ እኮ ነው የጠራው።»

እውነትም በሩን የከፈቱት ባለቦቴው ራሳቸው ነበሩ። ደግሞ አቀፉት! «ና ግባ ልጄ! ምን ከደጅ ያቆምሃል፣ ባዳ ነህ እንዴ?» ሲሉት ጎርናናው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ሲስተር አባቷ ሰው ሲያቅፉ ያየችው አዲስ ቦቴ የሸጠላቸውን ሰውዬ ብቻ ነው። ከደስታዋ ብዛት አልጠረጠረችም። ደስታ መቼም አፍንጫ የለውም።

ምን ተገኘ እንዳትሉኝ፤ የተገኘው ዘፈኑ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ወንዙ ተበላሽቶ ሰው በተቅማጥና በትውከት ሲዝለፈለፍ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በድምፅ ማጉያ ቢለፈልፍ፣ ቢለፈልፍ፣ ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በመጨረሻ «ዘፋኞቹን ጥሩልኝ» አለ። መልእክቱን እንድታስጠናቸው የታዘዘችው ሲስተር ነበረች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ዓይነ ምድርን በአግባቡ ስለማስወገድ» ብላ ስትጀምር ጎርናናው ከበሮው ላይ ተደፍቶ ሳቀባት።

«ሲስተር፣ በሞቴ፣ ይህን ማን ይዘፍነዋል?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አር በያ! አር አይደለም እንዴ?»

«ሥነ ሥርዓት ይኑርህ እንጂ!»

«ስሚኝ፣ እኔ ባለጌ ሆኜ አይደለም። ሰው ሞት ሞት ስትይው ስለ ጎረቤቱ የምታወሪ ይመስለዋል። የሚያስጠላው ነገር ግን የራሱ ነው። ሆዱን ካላገላበጥሽው እጁን አይታጠብልሽም።»

ከዚያ የአያቶቹን የሰርግ ዜማ አነሳ፤ የወንዱ ወገን እየጠየቀ የሴቷ ወገን የሚመልስበትን። ቃሉን እዚያው ለወጠው፤

ዝንብ ዘመድ አይመርጥም፣ ሁሉን ቤት ይዞራል፣
ከጎረቤትህ ቂጥ ባንተ አፍ ላይ ያርፋል።

እስቲ በጤና ጣቢያ ስም እንዲህ ይባላል? ሲስተር እስከ ጆሮዋ ቀላች፣ «ይውጣ!» አለች፣ ተከራከረች፣ ጋውኗን አውልቃ ወረወረች። ዘፈኑ ግን ባንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ። ትልልቅ ሰዎች ዝንብ ባዩ ቁጥር አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ ልጆቹ በየበሩ ላይ እየዘፈኑ ሳሙና ይጨርሳሉ። ሲስተርም በሽተኛ ክፍል ውስጥ ባልዲ እየደፋች ብቻዋን ስትስቅ ተገኘች። እየተቆጣች ነው የወደደችው።

ሁለተኛው ግጥም ሲመጣ ግን መቆጣትም ቀረ። ሰውን ከወንዙ ለማራቅ ኃላፊው «የቦቴ ውሃ ይጠጡ በሉ» ብሎ ነበር። ጎርናናው ያንን ተቀብሎ፣ ዓይኑን ከሲስተር ላይ ሳይነቅል፣ እንዲህ አወረደው፤

ውሃ አጣጬ ሆይ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣
ከየት ልቅዳልሽ፣ ወንዙ ተበላሽቷል?

የሴቷ ወገን ይመልሳል፤ «ከቦቴው፣ አፍልተን!»

ከተማው በሳቅ ሞተ። «ውሃ አጣጬ» የሚባለው ለማን እንደሆነ የማያውቅ የለማ! የባለቦቴውን ልጅ በአደባባይ ሚስቴ አላት፤ ምክር ነው ቢሉት ምክር ነው፣ ልመና ነው ቢሉት ልመና። ሲስተር አፍራ መሬት ተሰንጥቀሽ ዋጪኝ አለች፤ ግን ቤቷ ስትገባ መስታወት ፊት ቆማ ቃሉን ሁለት ሦስቴ ለራሷ አለችው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። «አፍልተን» የምትለዋን ቃል ከዘፈኑ ያስወጣችው ሲስተር ናት።

«ያባቴን ውሃ አፍሉት ማለት ስድብ ነው» አለችው ኮስተር ብላ። «ወንዝ ነው እንዴ? ከጉድጓድ ተቀድቶ በታጠበ ቦቴ ነው የሚመጣው።»

«ትቆይ ባክሽ፣ ለዜማውም ታምራለች።»

«አውጣት አልኩህ! ወይስ አንተም ቤታችንን ትንቃለህ?»

አወጣት። ወደዳት፣ አወጣት። ከዚያ ወዲያ ሰዉ «ከቦቴው! ከቦቴው!» ብቻ እያለ ይመልስ ጀመር። በየዝግጅቱ ላይ ጎርናናው ከቦቴው አንድ ብርጭቆ አስቀድቶ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ለሲስተር ያቀብላል፤ ሰዉ እልል ይላል። ብርጭቆው ውስጥ ግን ሲስተር አስቀድማ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ጠብ ታደርግ ነበር። አስባበት አይደለም፤ የሙያ ልማድ ነው፣ ጣሳ ባየች ቁጥር እጇ ወደ ኪሷ ይሄዳል። ሰዉ ያየው ብርጭቆውን ነው። ጠብታውን ያየ የለም። ደግሞ ውሃው ሽታ ሽታ ይላል ያሏትን «መድኃኒት ነው፣ የንጽሕና ምልክት ነው» ብላ ያረጋጋች እሷው ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏችኋል ይሄ ነው።

እና ቦቴዎቹ ጋ ሰልፍ ሆነ። ሰልፉን ያዩት ባለቦቴው ደግሞ እነሆ ዘፋኝ አቀፉ።

*

ምሳው ላይ አምስት ሆነው ተቀመጡ፤ ባለቦቴው፣ እናቷ፣ ቦቴ የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ፣ ሲስተርና ጎርናናው። ጎርናናው እንዳይፈስበት ፈርቶ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ይበላል። ባለቦቴው አዩትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ዛሬ ከሰዓት አደባባዩ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ይመጣል። ቦቴዬን በአበባ አስጊጬ መድረክ አደርግልሃለሁ። አንተ ያንን ዘፈንህን ትዘፍናለህ። ስትጨርስ እኔ ራሴ እወጣና በሕዝብ ፊት ልጄን እሰጥሃለሁ። ምን ትላለህ?»

ጎርናናው የጎረሰው አነቀው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሲስተር ጠረጴዛው ሥር እግሩን በእግሯ ፈልጋ ረገጠችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳህኑ ሁለት ሁለት ሆነባት። እንዲህ ያለ ደስታ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

እናቷ የታሸገ ውሃ ከፍታ ልትቀዳለት ስትል ጎርናናው ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው።

«አይ እማማ፣ እኔ ይህን አልጠጣም» አለ እየሳቀ። «የዘፈንኩትን ነው የምጠጣው። ከቦቴው ይቀዳልኝ።»

እናቷ ጠርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ወንድሟ ሳህኑ ውስጥ ገባ። ባለቦቴው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ አላለፈም።

«ተው ልጄ፣ የቦቴው ፀሐይ መቶታል። ሞቋል።»

«ሙቅም ቢሆን እኔ ግድ የለኝም፣ ጋሼ። ውሃዎን ንቆ የታሸገ ጠጣ እንዳይባል።»

«አይሆንም አልንህ እኮ!» ብሎ ወንድሟ ጮኸ።

ጎርናናው የሠራውን ጥፋት ፍለጋ አንዱን ካንዱ ያይ ጀመር። ሲስተር ግን እሱን አልነበረም የምታየው። የሦስቱን ፊት ነው። ይህን ፊት በሥራዋ ታውቀዋለች፤ በሽተኛው ያልተነገረውን ነገር ቤተሰቡ ሁሉ ሲያውቀው የሚያመጣው ፊት ነው። ቤቱ የታሸገ ውሃ መጠጣት የጀመረበትን ወራት አሰበች። እሷ ለይታይልኝ መስሏት ነበር። ጠዋት የተረከበቻት በሽተኛ ደግሞ ትዝ አለቻት፤ ጎርናናውን እንደ እናት ያሳደገችው አክስቱ ናት፣ ዓይኗ ጎድጉዶ «የልጄን ውሃ እየጠጣሁ ምን ያዘኝ?» ስትላት «ተደብቀው ወንዝ ጠጥተው ነው እንጂ!» ብላ ተቆጥታት ነበር። ምንጣፍ ሊነጠፍላት የሚገባትን አሮጊት! ተቆጣቻት!

«እጄን ልታጠብ» አለችና ተነሳች።

ቦቴው ጓሮ ቆሟል። አንዱ ጎኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ ታስሮለታል። መሰላሉን ወጥታ ክዳኑን ከፈተች።

ሲስተር ሽታ የሚያስደነግጣት ሰው አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ባልዲ ስትደፋ፣ አንሶላ ስትለውጥ ትውላለች። ይህ ሽታ ግን እንግዳ ሆኖ አይደለም ያስደነገጣት፤ ስለምታውቀው ነው። የበሽተኛ ክፍሏ ሽታ ነው። በረኪና ከላይ፣ እሱ ከታች። ፀሐይ ሲያገኘው በረኪናው ተንኖ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ተለጥፏል፤ ከሥር የጠዋቱ ትራፊ ውሃ ይንቀሳቀሳል፣ በላዩም ላይ ቁራጭ ወረቀት ይንሳፈፋል። የምን ወረቀት እንደሆነ አልነግራችሁም።

የበላችውን ሁሉ መሰላሉ ላይ አስመለሰችው።

«እናጥበዋለን እኮ!» አለ ወንድሟ ከታች፤ ተከትሏት መጥቶ ነው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «በበረኪና ነው የምናጥበው!»

«ማታ ምን ትጭኑበታላችሁ?»

«ያኛው… የፍሳሹ ቦቴ ተበላሸ። የሆቴሎቹ ሽንት ቤት ደግሞ ሞላ። እስኪሠራ ብቻ ነው ብሎኛል አባዬ።»

«በዚሁ?»

አባቷ ከወንድሟ ኋላ ብቅ ብለው ቀና ብለው አዩዋት። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን መሰላችሁ? «ውረጂ፣ ጎረቤት ያይሻል።»

ከዚህ በኋላ ይህን ሰውዬ አንቱ ማለት ከአፌ አልወጣ ብሎኛል፤ የለመዳችሁ ይቅር በሉኝ።

«አባዬ፣ ሰው ሞቷል» አለች ሲስተር። «በኔ እጅ ላይ ነው የሞቱት።»

«ሰው ድሮም ይሞታል። አንቺ ደግሞ የሰው ባልዲ ስትደፊ ትውያለሽ፣ ዛሬ የኔን ትጸየፊያለሽ?»

«እኔ ደፍቼ እጄን እታጠባለሁ። አንተ ታጠጣቸዋለህ!»

«ቀስ!» አለ ባለቦቴው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ደንበኛ የሚያባብልበት ድምፅ ነው፣ ታውቀዋለች። «ስሚኝ ልጄ። ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ። ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ። ዝም ካልሽ ያ ልጅ ያንቺ ነው፤ እኔው እድራችኋለሁ። አፍሽን ከከፈትሽ ግን መጀመሪያ የሚወገረው ማን ይመስልሻል? ቦቴው እኮ አልዘፈነም። የዘፈነው እሱ ነው።»

ሲስተር አፏን በክንዷ ጠረገች። ልንገራችሁ አይደል፣ አልዋሽም፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል «እሺ» ልትለው ነበር። ክዳኑን ከድና፣ ፊቷን ታጥባ፣ የሙሽራ ልብስ ለመምረጥ። ከቦቴውም ከአባቷም ይልቅ ያስጠላት ይህ ነው፤ የገዛ ልቧ።

*

ወደ አደባባዩ ሲሄዱ ጎርናናው ከበሮውን በትከሻው አንግቶ ያንጎራጉራል። ከምሳው ወዲህ ግን ልቡ ሙሉ አይደለም። አንዱን ጠባብ መንገድ ሲታጠፉ እጇን ሊይዛት ሞከረ።

«አትንካኝ!»

ቆመ። «አዋረድኩሽ አይደል?» አለ። «ገብቶኛል። የጠረጴዛ ሥርዓት አላውቅም። ሰው ቤት ገብቼ ይህን ስጡኝ ያንን ስጡኝ አልኩ። ድሮም ዘፋኝ…»

«ኧረ ተው! እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? ከምሳ ወዲህ ፊትሽን አላየሁትም። ካፈርሽብኝ አሁኑኑ ንገሪኝ። በአደባባይ ከምታፍሪብኝ እዚህ ግደይኝ።»

«ያፈርኩት ባንተ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ነገረችው። ምንም አላስቀረችም፤ ቦቴውን፣ ሆቴሎቹን፣ ጠብታውን፣ አባቷ ያላትን፣ እሷ «እሺ» ልትል እንደነበር ሳይቀር።

ጎርናናው ከበሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«አክስቴንም የያዛት ይሄው ነው?»

«አዎ።»

ግድግዳው ጋ ሄዶ ሊተፋ ሞከረ፣ ምራቅ አጣ። መሐረቡን አውጥቶ ምላሱን ይፈትግ ጀመር። ይፈትጋል፣ ይፈትጋል፣ እስኪደማ ፈተገው። ሲስተር «ተው እባክህ» ብትለው አልሰማትም።

«ቤቷ ድረስ ሄጄ ነው የነገርኳት» አለ በመጨረሻ። «ወንዙን ተዪ፣ የልጅሽን ሚስት አባት ውሃ ጠጪ ብዬ። ደስ ብሏት ሳመችኝ። በዚህ አፌ!»

«ለኃላፊው ልንገረውና በማጉያው ያስታውቅ።»

«ማን ሊሰማው? በዘፈን የገባ በስብከት አይወጣም።»

«እንግዲያው አንተ ዝፈነው።»

«እኔ ብዘፍነው አባትሽ ‹ልጄን ስለከለከልኩት ስሜን አጠፋ› ይላል፤ ሰዉም ያምነዋል። ደግሞ ዘፈኑ የኔን መልስ አይፈልግም።» ከበሮውን አነሳ። «እኔ እጠይቃለሁ። መልሱ የሴቷ ወገን ነው።»

«እየኝ እንጂ ስታናግረኝ።»

«አልችልም» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «አሁን አልችልም፣ ሲስተር።»

ከሁለተኛው ግጥም ወዲህ «ሲስተር» ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ሁሌ «ውሃ አጣጬ» ነበር የሚላት። ከኋላው እየተከተለች እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

*

አደባባዩ ጢም ብሏል። ወንድሟ ቦቴውን ሞልቶ አምጥቶታል፤ አበባው በዙሪያው ታስሮ ሙሽራ አስመስሎታል። ሴቶቹ ዘፈኑ ሲያልቅ ሊቀዱ ጀሪካናቸውን በእግራቸው መሐል ይዘው ቆመዋል። ባለቦቴው በሙሉ ልብስ ከፊት ወንበር ላይ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ፈገግ ብሏል።

ጎርናናው በዝንቡ ጀመረ። ልጆቹ «ቂጥ» ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጮኹ፣ ትልልቆቹ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ከበሮው ዝግ አለ፤

ውሃ አጣጬ ሆይ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣
ከየት ልቅዳልሽ፣ ወንዙ ተበላሽቷል?

«ከቦቴው! ከቦቴው!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ጎርናናው እጁን አነሳ። ከበሮው ቆመ። «እናንተን አልጠየቅኩም» አለ፤ ማይኩን ለሲስተር ዘረጋላትና ግጥሙን ደገመው። አሁንም አላያትም።

ሰዉ አጨበጨበ፤ የሰርግ ጨዋታ መስሎታል። ባለቦቴው ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ ዓይኑ ብቻ «ተይ» እያለ። ሲስተር ማይኩን ተቀበለች። «ዓይነ ምድር» ልትል አሰበች። ግን ያ ቃል እንደ ታጠበ ጓንት ነው፤ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል፣ ሆድ ውስጥ አይደርስም። ዜማ አትችልም፣ ድምፅ የላትም። በዚያው በማይረባ ድምፅዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነች፤

ከቦቴው አትቅዳ፣ መጠማት ይሻላል፣
ያባቴ መኪና ማታ አር ይጭናል።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሲስተርን ያውቋታላ! «ሽንት» ስትል እንኳ «ይቅርታ» የምትል ልጅ ናት፤ በሰው ፊት፣ ያውም በአባቷ ፊት፣ ይህን ቃል ያወጣችው ለጨዋታ አይደለም። ከፊት የቆመች አንዲት ሴት ጀሪካኗን ከፍታ አሸተተች፤ ፊቷ ሲጨማደድ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አዩት።

«አብዳለች!» ብሎ ባለቦቴው ተነሳ። «ልጄ ታማለች! ዘፋኙ አስነክቷት ነው!»

«እንግዲያው አንድ ብርጭቆ ጠጣልን፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ።

ብርጭቆ ተቀዳለት። ተቀበለ። ከንፈሩ ድረስ አደረሰው፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያየዋል። ከዚያ ሊመልሰው ሲል ውሃው ሙሉ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዙን እንዳይነካው ዘሎ አራገፈው። ዘሎ! ሌላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

«እትፍ!» አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም። እናት ጣቷን ልጇ አፍ ውስጥ እየከተተች፣ ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፎ፣ አደባባዩ ሁሉ ይተፋል፣ ያስመልሳል። ጀሪካን እየተገለበጠ መንገዱ ወንዝ ሆነ። ባሏን በዚያው ሰሞን የቀበረች አንዲት ሴት መድረኩ ላይ ወጥታ ጎርናናውን በጥፊ መታችው፤ ዞራ ሲስተርን መታቻት። ማንም አልከለከላትም። እነሱም ፊታቸውን አላዞሩም።

ባለቦቴው በወንድሟ ተደግፎ ሲወጣ ከሲስተር ፊት ቆመ። «ከዛሬ ወዲያ ልጄ አይደለሽም» አላት። ሙሉ ልብሱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ይህን ቃል ብትሰማ የምትሞት ይመስላት ነበር። አልሞተችም፤ እንዳይነካት ብቻ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ አባቷን እንዲህ በመሸሿ ደግሞ ልቧ ተሰበረ።

*

አመሻሹ ላይ ጤና ጣቢያው ግቢ ሰው በሰው ሆነ። ሲስተር ስታስተኛ፣ ጉሉኮስ ስትሰካ፣ ለመጣው ሁሉ «አፍልታችሁ፣ አፍልታችሁ» ስትል ቆየች። ትንሽ ፋታ ስታገኝ ወጣች። ጎርናናው ከአክስቱ ክፍል በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ጭቃ ነው፤ ከበሮውን ሰዉ ረግጦ ቀዶበታል፣ ጥሎት መጥቷል።

«ትተርፋለች» አለችው። «ጠጥታ አላስመለሰችም።»

ራሱን ነቀነቀ። ሲስተር መሄድም መቀመጥም አቃታት። ቀኑን ሙሉ የፈራችውን ጠየቀችው።

«አስጠላሁህ?»

አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያያል።

«አዎ» አለ።

ጎርናናው ቀጠለ፤ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። «ድምፄም አስጠልቶኛል። ሁሉም ነገር። ያቺን ቃል አውጣት ስትዪኝ ትክክል አለመሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር። ወድጄሽ ነው ዝም ያልኩት። ሰው የሚገድል መውደድ ምን ይረባል?»

«ልሂድልህ?»

«ተዪ!» ብሎ ድንገት ቀና አለ። ከዚያች ጠባብ መንገድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «እንዳትሄጂ። አስጠልተሽኛል፣ ብትሄጂ ግን እኔ የለሁም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ምን ላድርግ?»

«ነገም ካስጠላሁህስ?»

«ነገም ታስጠዪኝ ይሆናል። እዚሁ ሆነሽ አስጠዪኝ።»

ሲስተር ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሐላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር፤ ማንም አልተጠጋም፣ ማንም አልተነሳም። አባት የሌላት፣ ቤት የሌላት ሰው መሆኗ ያኔ ገባት፤ እንባዋ መጣ። እሱም አለቀሰ፤ አንዱ ሌላውን አላባበለም። በዚያ ቀን ከሠራችው፣ ከሰማችውና ከቀመሰችው ሁሉ ሲስተርን ያላስጠላት ነገር ይህ ልቅሶ ብቻ ነበር።